ፈለቀ የተቀመጠ ዕለት

ቆንጂት ፈለቀን ካገባች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተቀምጦ አንድ እንጀራ ሲጨርስ ያየችው ምናልባት የሠርጋቸው ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ስለነበር ነው። ቤት ውስጥ ቆሞ ይጎርሳል፤ ቆሞ ሬዲዮ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ "ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ!" እያለ ወንበር ያቀርብና ራሱ በሩን ተደግፎ፣ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ያወራል። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ "ያ እግሩ እሳት የረገጠው ሰውዬ" ከተባለ ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ሥራውም ለዚህ ጠባዩ በልኩ የተሰፋ ነበር። ፈለቀ የቡና መፈልፈያ ማሽን መካኒክ ነው። ቀዩ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከጅማ ዙሪያ እስከ ሰርቦ ያሉ የቡና ማጠቢያዎች የሚጠሩት እሱን ነው። እሸት ቡና አያድርም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይፈላና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ "ማሽን ቆመ" የሚል ስልክ ሲመጣ ፈለቀ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ግን እንደ ሌላው መካኒክ ቡሎን ለመፍታት አይጣደፍም። ማሽኑን ያስነሱለታል፤ ረጅሟን ካቻቢቴ አውጥቶ ጫፏን ብረቱ ላይ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ኩሽኔታው ነው" ይላል፣ ወይም "ድንጋይ ገብቶበት ነው፣ አትፍቱት።" ስቶ አያውቅም። "የሚጮህ ማሽን አይፈራም፤ የሚፈራው ዝም ያለው ነው" የምትል አባባልም ነበረችው፤ ቆንጂት ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል።

የዚህ ሁሉ ሩጫ ምንጭ ከየት እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሴት ልጃቸው በተወለደች ሰሞን ነግሯታል። አባቱ ከሸዋ መጥተው አጋሮ ውስጥ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ቡና መዛኝ ነበሩ። ፈለቀ በአሥራ አንድ ዓመቱ አንድ ቀን ምሳ ይዞላቸው ሲሄድ ደረታቸውን በጡጫቸው ተጭነው፣ ፊታቸው በላብ ተጠምቆ አገኛቸው። "ምንም አይደል ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ" አሉና ኬሻ ላይ ቁጭ ብለው ጀርባቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አደረጉ። ልጁ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ሸፍኖ፣ ዝንብ እያባረረላቸው አጠገባቸው ተቀመጠ። የተኙ መስሎት ነበር። ቡና ሊያስመዝኑ የመጡ ሰዎች ሊቀሰቅሷቸው እስኪሞክሩ ድረስ እንደዚያው ጠበቀ። "ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር" አላት ለቆንጂት፤ ይህን ብሎም ምንም ያልሆነውን የግቢያቸውን ቧንቧ ሊጠግን ወጣ።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ፈለቀ ራሱ ሃምሳ ሦስት ሞላው።

የመስከረም ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ባልና ሚስት ጅሬን ላይ ለቅሶ ሊደርሱ ዳገቱን ሲወጡ ፈለቀ ድንገት ቆመ። መቆሙ አላስደነቃትም፤ ዝም ማለቱ ግን አስደነገጣት። ዞር ስትል ጡጫው ደረቱ ላይ ነው።

"ምን ሆንክ?"

"ጨጓራ ነው። ሂጂ፣ ሂጂ።"

"ጨጓራ እዚያ ላይ ነው እንዴ ያለው?"

"የእኔ እዚያ ነው" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ቆንጂት ዓይኗን ከደረቱ ላይ መንቀል አቃታት። ሕመሙ አንዳንዴ ዳገት ሲወጣ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቆሞ ቁርሱን ሲጎርስ። አንዳንዴ ለሳምንት ይጠፋል። እሱም መጥፋቱን ባየ ቁጥር "አላልኩሽም?" ይላል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ይደብቃታል። መደበቁን እሷ ታውቃለች፤ ማወቋን እሱ ያውቃል፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለ ኑሮ ሰው ይጨርሳል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ሥራ ቤቱ ውስጥ ሸሚዙን ከፍቶ አገኘችው። የካቻቢቴዋን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እጀታዋን ከጆሮው ጋር ለማገናኘት አንገቱን እንደ ዳክዬ ይጠመዝዛል። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ተመልሶ ገባ።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ስሚው" አላት።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ስሚው ብቻ።"

ነጠላዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች። ካቻቢቴዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጆሮዋን ራሱን ደረቱ ላይ አስጠጋች። የሚሮጥ ነገር ሰማች። ደህና ይሁን አይሁን ግን ከየት ታውቀዋለች? ቀና ስትል እንደ ተከሳሽ ፍርዷን ይጠብቃል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ አሳዘናት፣ አናደዳትም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እምቢ ካልክ አባቦራን ጠርቼ አሳስርሃለሁ!"

አባቦራ የሰርቦው የቡና ማጠቢያ ባለቤት ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ፈለቀ እምቢ የማይላቸው ብቸኛ ሰው። ስማቸው ብቻ በቃ።

ዶክተር ገመቹ የሚባለው ወጣት ሐኪም የልቡን ምት በወረቀት አስነስቶ አየ፣ ደሙን አስመረመረ፣ ብዙ ጠየቀ። ስለ አባቱም ጠየቀ፤ ፈለቀ ጣሪያውን እያየ መለሰ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እነሱ አዞረ።

"ጋሼ ፈለቀ፣ ይሄ ዛሬ ደህና ነው። ግን ይሄ ብቻውን አያሳምነኝም። የሚነግሩኝ ሕመም ግማሹ ልብ ይመስላል፣ ግማሹ አይመስልም። ዝም ብዬ ብለቅዎ እፈራለሁ፤ ዝም ብዬ የልብ በሽተኛ ነዎት ብልዎም በደል ነው። አዲስ አበባ ሲቲ ስካን የሚባል መሣሪያ አለ። ለልብ ደም የሚያደርሱትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ያሳያል፤ መጥበብ አለመጥበባቸው ይታወቃል።"

"ሳይፈታ?" አለ ፈለቀ።

"ምን አሉኝ?"

"ሳይከፍቱኝ ነው ወይ?"

"ሳይከፈቱ። ክንድዎ ላይ መድኃኒት ይወጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ።"

ፈለቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙን በአክብሮት አየው። ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሰም። ልብ ስትሮጥ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ምቷ ዝግ ማለት አለበት፤ ሲነሳም ትንፋሽ ይዞ፣ ምንም ሳይነቃነቁ መተኛት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮም ቡና መጠጣት የለም፣ ሻይ የለም፣ ጫት የለም።

"ዶክተር፣" አለች ቆንጂት፣ "ቡናውን እኔ እከለክለዋለሁ። ግን እሱን ነው ሳትነቃነቅ ተኛ የሚሉት?"

ቀጠሮው ለኅዳር መጀመሪያ ሆነ፣ ቡናው በደረሰበት፣ ማጠቢያዎቹ በሚጮሁበት ሰሞን። ፈለቀ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ በሩጫ ፈጀው። የማንንም ማሽን ፈትሾ ዘይት ቀየረ። ማታ ማታ ሥራ ቤቱ ውስጥ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ደርድሮ ቆንጂትን እየጠራ፣ ይሄ የምን፣ ያ የምን እንደሆነ ያሳያት ጀመር። ሞተር ብስክሌቱ ለማን ቢሸጥ እንደሚሻል ሲነግራት ግን አላስጨረሰችውም።

"ኑዛዜ ነው? ካህን ልጥራልህ?"

"አይ፣ እንዲሁ... ብታውቂው አይከፋም ብዬ ነው።"

"አላውቅም! ማወቅም አልፈልግም!" አለችና የቁልፎቹን ሳጥን ክዳን ጠርቅማ ገባች። ጓዳ ውስጥ ሆና ነው ያለቀሰችው፤ ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር ማንም አልጠረጠራትም።

ሰኞ ንጋት ላይ ከጅማ የተነሳው አውቶቡስ ሰርቦ ሲደርስ አባቦራ ከመንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፈለቀ ሹፌሩን አስቁሞ ወረደ፤ ቆንጂትም ተከተለችው።

"ያ ፈለቀ! ማሽኔ ይጮሃል እኮ፣ አንተ ደግሞ ትሄዳለህ" አሉት አባቦራ ኦሮምኛ በቀላቀለ አማርኛቸው።

"ይጮሃል እንጂ አልቆመም አይደል? ስመለስ እዚሁ እወርዳለሁ፤ ቤት ሳልገባ አየዋለሁ።"

"ማሽኑ ይቆየኛል። አንተን ረቢ ይጠብቅህ።" ቅጠሉን አስጨበጡት። "ቡና ቀላ ነው፣ ሌሊት ነው ያሠራሁት። ይሄን ሳትቀምስ መንገድ አትሂድ። ነጋቲ ገሊ፣ በሰላም ግባ።"

ቡና ቀላ ከነልጣጩ በቅቤ የበሰለ የቡና ፍሬ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው እሸት ወደ መፈልፈያው ከመግባቱ በፊት በአባቦራ ቤት ይዘጋጃል፤ ሽማግሌው ይመርቁበታል፣ ከቅቤው ጣታቸውን ነክረው ማሽኑን ይነካሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፍሬውን ይካፈላል። ፈለቀ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ምርቃት ቀርቶ አያውቅም። አሁንም በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩን አስነካው። ቆንጂትም አሜን አለች። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ከቅጠሉ ላይ ለእሷም አቃመሳት፤ ቅቤው ጥሩ ነበር። የተረፈውን እሱ በየመንገዱ፣ እያንዳንዷን ፍሬ እየለቀመ ሲያኝክ ሄደ። ወልቂጤ ላይ ሻይ ሊያዝ ሲል ግን ቆንጂት እጁን በጥፊ መታችው። በዶክተር ትእዛዝ ቀልድ አታውቅም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አዲስ አበባ፣ ሕንፃ ሥር ያለ የምርመራ ማዕከል ውስጥ ነበሩ። መቅዲ የምትባል ነርስ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፈችለትና ሰሌዳውን አየች። የልብ ምቱ ዘጠና ሰባት።

"ጋሼ ፈርተው ነው? ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም" አለችውና የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠችው። አንድ ሰዓት ጠብቁ ተባሉ። ፈለቀ አንዱን ሰዓት ኮሪደሩን ሲለካ አሳለፈው። መቅዲ ተመልሳ አየች፤ ዘጠና አንድ።

"ቡና ጠጥተዋል?"

"ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ በከንፈሬ አልዞረም።"

"ሻይስ? ጫት?"

"በማርያም ምንም አልጠጣም!" አለች ቆንጂት። "እኔ ነኝ ምስክሩ። ሻይ እንኳን ከእጁ ላይ ነጥቄዋለሁ።"

መቅዲ ግራ ገብቷት ሌላ ኪኒን ልትጠይቅ ሐኪሙ ዘንድ ልትሄድ ስትል ቆም አለች። የፈለቀ እጅ ወደ ኮት ኪሱ ገባ፣ ወደ አፉ ወጣ። አገጩ ይንቀሳቀሳል።

"ጋሼ፣ ምንድነው የሚያኝኩት?"

ፈለቀ ምንም ሳይሰማው የጠወለገችውን የኮባ ቅጠል አውጥቶ ዘረጋላት። ከሥሯ አምስት ስድስት ፍሬ ቀርቷል። "ቡና ቀላ ነው። ቅመሺ፣ ምርቃት ነው።"

"ቡና?"

"ቡና ቀላ።"

"ቡና ነዋ!"

"አይ ልጄ፣ ይሄ ይበላል እንጂ አይጠጣም። አትጠጣ ነው የተባልኩት።"

ቆንጂት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጅማ ተወልዳ፣ ጅማ አድጋ፣ ባሏን እንደ ሽፍታ ስትጠብቅ ከርማ፣ ያ በቅጠል የተጠቀለለው ነገር ቡና መሆኑ አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላላትም። ለእሷ ምርቃት ነው፣ ለእሷ የአባቦራ እጅ ነው። እንዲያውም ጠዋት "ይቺን ጨርሳትና ቅጠሉን ጣለው" ያለችው ራሷ ናት። መቅዲ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ሐኪሙም ሰምቶ ሳቀ። ቀጠሮው ግን ለነገ ተላለፈ። ቆንጂት የቀሩትን ፍሬዎች በመሐረብ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ምርቃት አይጣልም።

ያረፉት በአክስቷ ልጅ በያለምወርቅ ቤት ነበር። አመሻሹ ላይ ፈለቀ የግቢውን አጥር ተከትሎ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ቆንጂት ከደረጃው ላይ ሆና እያየችው ትዕግሥቷ አለቀ።

"ምነው አንተ ሰውዬ! ለአንድ ቀን እንኳን አርፈህ ብትቀመጥ?"

ፈለቀ ቆመ። "ቆንጂት፣ እንዲያ አትበይኝ።" ድምፁ የተለመደው አልነበረም። "ያቺ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ትንፋሼን ስይዝ... የማልነሳ ይመስለኛል። የሚያሳዩኝን አይደለም የምፈራው። መተኛቱን ነው። አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝንብ አባረርኩ እኮ፤ ሰው መጥራት ነበረብኝ።"

ይህን ነገር ለአርባ ሁለት ዓመት ተሸክሞት እንደዞረ ያኔ ገባት። ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

"አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር" አለችው። "ደግሞስ ብትጠራ ማን ሊመጣ? ያኔ አጋሮ ውስጥ ማን ሳይፈታ ያይላቸው ነበር? አንተን የሚያይልህ አለ። ተኛላቸው። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ዝንብ አላባርርም፤ ከዘገየህ በሩን ሰብሬ እገባለሁ።"

በማግስቱ ሰሌዳው ሰባ ሁለት አለ፤ ከኪኒኑ በኋላ ስልሳ አንድ። ቆንጂት ከበሩ ውጭ ቆማ የማሽኑን ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ "ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳቡ... ይያዙ" የሚል ድምፅ። እሷም ያዘች። "ይተንፍሱ" እስኪባል ድረስ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ሰዎች ሕመምተኛዋ እሷ ሳትመስላቸው አልቀረችም። ፈለቀ በእግሩ ሲወጣ "ሙቀት በደም ሥሬ ሁሉ ሮጠ፤ ሱሪዬን ያረጠብኩ መስሎኝ ደነገጥኩ" አላት። እሷ ግን ዓይኗ መምጣቱ ላይ እንጂ ወሬው ላይ አልነበረም።

ውጤቱን የነገራቸው ሐኪም ስክሪኑን ወደ ፈለቀ አዞረለት። ልቡ እዚያ ነበረች፣ ሥሮቿ ዙሪያዋን ታቅፈዋት። ፈለቀ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሰው ማሽን እንደሚያይ ጎንበስ ብሎ ተመለከታት።

"እዚህ ጋ" አለ ሐኪሙ፣ "አንደኛው ቧንቧ ላይ ትንሽ ደለል አለ፤ ሲሶውን አጥብቦታል። ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው።"

"ይፈታል?"

"አይፈታም፣ አይከፈትም። ደሙ በደንብ ያልፋል። በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አዝልዎታለሁ፤ ቅቤና ጮማ ይቀንሳሉ፤ ጅማ ያለው ሐኪምዎ ይከታተልዎታል። ሥራዎን ይሠራሉ። ግን እረፍት ያስፈልግዎታል፤ ሰው ይቀመጣል፣ ጋሼ።"

ፈለቀ ጣቱን ወደ ደለሉ ጠቆመ። "አባቴን የገደለው ይሄ ነበር?"

"እሳቸውን አላየሁም፤ አላውቅም" አለ ሐኪሙ። "የእርስዎን ግን አይቻለሁ። ዛሬ በዚህ አይሞቱም።"

ሐሙስ ወደ ጅማ ሲመለሱ ፈለቀ እንደ ልማዱ ከሹፌሩ ጀርባ ቆሞ ስለ ፍሬን ሸራ እያወራ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ቆንጂት እየመጣ "ሰርቦ ላይ እንወርዳለን፣ እንዳትረሺ፤ የአባቦራን ማሽን ልይላቸው" አላት። ወልቂጤን አለፉ፤ ወደ ግቤ ወረዱ፤ ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ሲጀምሩ መጣና አጠገቧ ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

"ቆንጂት፣ ትንሽ ልረፍ" አላት።

 ቃሉን ታውቀዋለች፤ ከማን አፍ እንደወጣም ታውቃለች። ዞር ብላ ስታየው ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ያ መቼም የማያርፈው ጣቱ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። ይህ ሰው ዝም ብሎ አያውቅም! ጠርታ ልትቀሰቅሰው አሰበች። እጇን ኮቱ ውስጥ አስገብታ ደረቱ ላይ አሳረፈች።

ይመታል። ያ እሑድ የሰማችው ሩጫ አይደለም፤ ዝግ ብሎ፣ አንድ በአንድ። መቅዲ ስታደርግ እንዳየችው የእጅ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ስልሳ አራት። አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። ሶኮሩ ላይ ቆጠረች፣ አሰንዳቦ ላይ ቆጠረች። አንዴ በእንቅልፍ ልቡ እጇን በእጁ ሸፈነውና ወደ ውስጥ ሳብ አደረገው፤ አልነቃም። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሽንኩርትም አልነበረ፣ ለመደበቅም አልሞከረች።

ሰርቦ መግቢያ ላይ አውቶቡሱ ዝግ አለ። አባቦራ ከመንገዱ ዳር፣ በዚያው ቦታ ቆመው ነበር። በመስኮቱ ቀና ብለው የፈለቀን የተደገፈ ጭንቅላት አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ቆንጂት በነጻው እጇ ጉንጯን ደግፋ የእንቅልፍ ምልክት አሳየቻቸው፤ ከዚያ የራሷን ደረት መታ መታ አድርጋ ሳቀችላቸው። ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ከጀርባቸው፣ ከማጠቢያው በኩል፣ የማሽኑ ጩኸት እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይሰማል። ይጩህ።

"ሰርቦ! ሰርቦ ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ በሩን ከፍቶ።

"ወራጅ የለም" አለች ቆንጂት፣ ቀስ ብላ፣ እንዳትቀሰቅሰው።